በእማ ፈንታ የላክሁት ድምፅ

ይሄን ያነበበ ሁሉ «ውሸታም» ሊለኝ እንደሚችል አውቃለሁ። እኔም ከሌላ ሰው ብሰማው እንደዛ ነበር የምለው።

ግን ሆኗል።

ኮልፌ፣ አጠና ተራ አካባቢ፣ በገዛ ቤታችን ውስጥ፣ ባለፈው ጥቅምት... ጠዋት ልክ አንድ ሰዓት ላይ።

ልብ በሉ፣ ሌሊት አይደለም። ፀሐይ ወጥታ፣ የጎረቤት ልጆች ዩኒፎርም ለብሰው ሲሯሯጡ፣ የታክሲ ረዳት «አየር ጤና፣ ቤቴል» እያለ ሲጣራ ነው።

ጨለማ የሚያስፈራችሁ ሰዎች እድለኞች ናችሁ። መብራት ታበሩና ያልፍላችኋል። እኔን የሚያስፈራኝ ጠዋት ነው።

ዮዲ እባላለሁ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ትምህርት ከሰባተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። ሰንፌ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ሰንፌም ነው። ዋናው ምክንያት ግን የእማ እጅ ነው።

እማ ዋጋነሽ ትባላለች። ገበያ ውስጥ የፕላስቲክ ዕቃ ትሸጣለች። ባልዲ፣ ጆግ፣ የልጅ ፖፖ፣ እንዲህ ያለ ነገር። አባቴ እኔ ሕፃን ሆኜ ስለሞተ ያሳደገችኝ እሷ ብቻዋን ናት። እሷና ያ ድምጿ።

ድምጿ የታወቀ ነበር። መደቡ ላይ ቆማ ስትጣራ ታክሲ ፌርማታው ድረስ ይሰማል። ደንበኞቿ «ማይክራፎን» ነው የሚሏት። እሷም ትወደዋለች፣ አልወድም ትላለች እንጂ።

ከሁለት ዓመት በፊት ቀኝ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ጆግ ይወድቅባት ነበር። ቀጥሎ የሹራቧን ቁልፍ መቆለፍ አቃታት። እኔ ትምህርቱን ትቼ መደቡን ያዝኩ።

ከዚያ ድምጿ አነሰ።

አንድ ቀን ድንገት አይደለም። ቀስ በቀስ... የራዲዮ ባትሪ ሲያልቅ እንደሚሆነው። በመጨረሻ አጠገቧ ቆሜ እንኳን «ምን አልሽኝ?» የምል ሆንኩ።

ቤቴል ያለ አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት። ፓርኪንሰን ነው አሉ። የነርቭ በሽታ ነው፣ ጨርሶ አይድንም፣ ግን መድኃኒቷን በሰዓቱ ከወሰደች ብዙ ዓመት ትኖራለች አሉን። ሲስተር ምህረትን ያወቅናት እዚያ ነው። ወጣት ናት፣ ቀጭን፣ ስትናገር የማትቸኩል። እሷ የምትሠራበት ክፍል አዲስ ነገር ጀምሮ ነበር፤ በሽታን በድምፅ መከታተል።

ለታማሚው ስልክ ይሰጣሉ። በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ኪኒኗን ከመዋጧ በፊት፣ እማ ስልኩን አፏ አጠገብ ይዛ ትቀዳለች። መጀመሪያ በአንድ ትንፋሽ እስከቻለች ድረስ «አ......» ትላለች። ከዚያ «ፓ ታ ካ፣ ፓ ታ ካ» እያለች በፍጥነት ትደጋግማለች። በመጨረሻ ግማሽ ደቂቃ ያህል ስለ ራሷ ታወራለች፤ እንዴት እንዳደረች፣ ምን እንደበላች።

ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ መስመር አለ። ድምፅ ሲሰማ ይነሳል፣ ዝም ሲባል ይተኛል። ከሥሩ ሰከንድ ይቆጥራል። የተቀዳው በኢንተርኔት ክሊኒኩ ይደርስና እዚያ ያለው ኮምፒውተር ይመረምረዋል። የሰው ጆሮ የማይሰማውን መንቀጥቀጥ ይሰማል አለችን ሲስተር። መድኃኒቱ ሲሠራም ሲያንስም ከእጇ በፊት ድምጿ ላይ ይታያል አለች።

እማ «አ» የምትለዋን ክፍል ወደደቻት። አሥራ ሁለት ሰከንድ ትደርሳለች። ከእኔ ጋር ትፎካከራለች። አሥራ ሦስት የሞላች ቀን ድንች ወጡ ላይ ሥጋ ጨመረችበት፣ በአዘቦት ቀን።

ሲስተር አንድ ሕግ ነግራናለች። ሁለት ቀን ካልተቀዳ እሷ ትደውላለች። ሦስተኛ ቀን ካልተቀዳ ቤት ድረስ ትመጣለች።

አሁን ደግሞ ስለኔ ድምፅ ልንገራችሁ።

የኔ ድምፅ የእማ ነው። ቁርጥ እሷን። ስልኳን ባነሳሁ ቁጥር ሰዎች «ዋጋነሽ፣ እንዴት ነሽ?» ነው የሚሉኝ። እኔም መለስ ብዬ «ደህና ነኝ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው?» እላቸዋለሁ። አንዴ የትምህርት ቤታችን ዩኒት ሊደር ስለ እኔ ማርፈድ ሊከስ ደውሎ ነበር። ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ ያልገባችሁ እናንተ ናችሁ ብዬ ዘጋሁበት። እማ ስትሰማ ጫማ ይዛ ግቢውን ሁለት ዙር አባረረችኝ... እየሳቀች።

ደስ ይለኝ ነበር በዚህ ነገር። በጣም ደስ ይለኝ ነበር።

የእማ ታላቅ እህት እቴቴ ወለተጻድቅ ሳንሱሲ ነው የሚኖሩት። ጥሩ ሰው ናቸው። ይሄን የምለው ከልቤ ነው፣ ኋላ እንዳትፈርዱባቸው። እማን እንደ ልጃቸው ነው ያሳደጓት። ሐኪም አይድንም ካለ ቁጭ ብሎ ማየት አልቻሉም። አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መጡና ሰባት ቀን ጸበል ልወስዳት ነው አሉ። ከከተማ ወጣ ያለ ቦታ ነው።

እማም መሄድ ፈለገች። እኔም አልጠላሁም። መደቡን ማን ይይዛል ተባለና እኔ ቀረሁ።

የክሊኒኩን ስልክ በሻሿ ጠቅልላ ሰጠችኝ። እዚያ ስልክ ይዞ አይገባም ብለዋታል።

«ዮዲ» አለችኝ። ሹክሹክታ ነው፤ ከዚያ በላይ አይወጣላትም። «ለሲስተር ንገሪያት። ሰባት ቀን የለችም በያት። ቃል ገብቼላታለሁ።»

«እሺ።»

«ትነግሪያታለሽ?»

«እሺ አልኩሽ እኮ እማ። ልፈርም ደግሞ?»

ሳቀች። ትከሻዋ ብቻ ሲነቃነቅ አየሁት። ድምፅ አልነበረውም።

አልነገርኳትም።

ጸበል መሄዷን ከሰማች ትቆጣለች፣ ከፕሮግራሙ ታስወጣናለች፣ ስልኩንም መድኃኒቱንም ትቀማናለች ብዬ ፈርቼ ነው። ይሄ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላውን እውነቱን ልናገር? መቻሌን ማየት ፈለግሁ። ዩኒት ሊደር የሸወደ ድምፅ ኮምፒውተርስ ቢሸውድ?

ሰኞ። አንድ ሰዓት።

እማ እንደምትቀመጠው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ድምፄን ዝቅ አደረግሁ፣ ትንሽ አንቀጠቀጥኩት።

«አ......»

የግድግዳውን ሰዓት እያየሁ አሥራ ሁለት ላይ አቆምኩ። ስክሪኑም አሥራ ሁለት አለ። ፓታካውን ጨረስኩ። ደህና አደርኩ፣ ተመስገን፣ እጄ ብቻ ትንሽ አስቸገረኝ ብዬ አወራሁ። ላክሁት። ሄደ።

የጎረቤታችን ልጅ ዱሬቲ ጓደኛዬ ናት። ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሆስፒታል ሁሉ የበሽተኛ ምትክ ብሎ ሊቀጥርሽ ነው በቃ አለችኝ።

ማክሰኞ።

እንደ ሰኞው አሥራ ሁለት ላይ አቆምኩ። ስክሪኑ አሥር አለ።

ስልኩ ነው አልኩ። ከመላኬ በፊት ከፍቼ አዳመጥኩት። የእማ ድምፅ ነው። በራሴ ኮራሁ።

ግን ከኋላው አንድ ነገር አለ...

ውሃ። ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ውሃ።

ወጥቼ የግቢውን ቧንቧ አየሁ። ደረቅ ነው። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፤ ማክሰኞ ጠብ አይልም።

ላክሁት።

ረቡዕ ማስመሰሉን ተውኩት። ሳንባዬ እስኪያልቅ ድረስ ጮክ ብዬ «አ» አልኩ። በግድግዳው ሰዓት ሃያ አንድ ሰከንድ።

ስክሪኑ ስምንት አለ።

አጠፋሁት። እንደገና ቀዳሁ። ስምንት። አጠፋሁት። ስምንት።

ሳዳምጠው ይንቀጠቀጣል። እኔ አላንቀጠቀጥኩም። መጨረሻው ላይ ደግሞ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ይሳባል... ቀዝቃዛ ውሃ ድንገት ሲደፋባችሁ እንደምትስቡት።

ሐሙስ ጠዋት ዱሬቲን ጠርቼ በሩ ላይ አቆምኳት። እያየችኝ፣ እየሰማችኝ ቀዳሁ። ማውራቱ ጋ ስደርስ በደንብ ተኝቻለሁ፣ ቁርስ በልቻለሁ አልኩ። ዱሬቲ እየሰማች ነው። ከዚያ ከፈትኩላት።

ውሃው ወረደ።

«ይበርደኛል» አለ ስልኩ።

ሌላ ምንም የለም። ያ አንድ ቃል ብቻ።

ዱሬቲ ወደ ውስጥ አልገባችም።

«እናትሽ መቼ መጣች?» አለች በሹክሹክታ።

«አልመጣችም።»

«እና ይሄ ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«አይደለሽም።»

«ቀስ በይ።»

«ዮዲ... ያንቺን ድምፅ እኔ ላላውቀው? ደውይላቸው።»

እቴቴ ጋ ደወልኩ። ዝግ ነው። የሄዱ ቀን ነው የዘጉት። ዱሬቲ አብሬሽ ልሂድ፣ አሁኑኑ እንሂድ አለች። እኔ መደቡን ማን ይይዛል አልኩ። ሦስት ቀን ነው የቀረው አልኩ። ለቅዠት ብዬ ታክሲ አልሳፈርም አልኩ። ብዙ ነገር አልኩ። ሰው ሲፈራ ምክንያት አያጣም።

አርብ አምስት ሰከንድ ሆነ። ሳላዳምጠው ላክሁት።

ሦስት ሰዓት ላይ መደብ ላይ እያለሁ የክሊኒኩ ስልክ ጮኸ። ሲስተር ምህረት ናት። የእማ ድምፅ ውጤት በአምስት ቀን ውስጥ ወርዷል አለችኝ። እንዲህ ሲወርድ አይታ አታውቅም። እንዲህ የሚሆነው መድኃኒት በድንገት ሲቆም ነው፣ መድኃኒቱ ከቆመ ደግሞ አደጋ ነው አለች። ማዘር ኪኒናቸውን እየወሰዱ ነው ወይ አለችኝ።

እየወሰደች ነው አልኩ።

«እስቲ አገናኚኝ።»

አሁን የምጽፈው ከሁሉም የከበደኝ ነው።

ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁ። «እማ፣ ሲስተር ናት» ብዬ ለባልዲዎቹ ተናገርኩ። ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ መለስኩት።

«ደህና ነኝ የኔ ልጅ» አልኩ በእማ ድምፅ። «ጉንፋን ነው የያዘኝ። ኪኒኔን አንድም ቀን አላጎደልኩም።»



«እርግጠኛ ነዎት?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«እሺ ማዘር። ሰኞ ግን ይምጡና ልይዎት።»

ተዘጋ። አንዲት ሴትዮ ጆግ ይዛ ስንት ነው ትለኛለች፣ እኔ ግን እጄን ነው የማየው። እየተንቀጠቀጠ ነበር። ቀኙ ብቻ።

ገብቷችኋል አይደል? ኮምፒውተሩ አልተሸወደም። ሲስተርም አልተሸወደችም ነበር፣ በሩ ላይ ደርሳ ነበር። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ።

ሦስት ሰከንድ።

ማውራቱ ጋ ስደርስ እኔ ምንም የረባ ነገር አላልኩም። ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ ብቻ ነው ያልኩት። ከዚያ ከፈትኩት።

ውሃው ረጅም ጊዜ ወረደ። ጥርስ ሲንቀጫቀጭ ይሰማል። ሊያልቅ አምስት ሰከንድ ሲቀረው ውሃው ፀጥ አለ። ከዚያ በጣም ቅርብ፣ ትራሴ ላይ ሆና የምትናገር ያህል ቅርብ...

«ዮዲ... ነገርሻት?»

ቤቴል እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም። ሲስተር ምህረትን ኮሪደር ላይ አገኘኋትና ሁሉንም ነገርኳት። የት እንዳለች፣ ማን እንደቀዳ፣ አርብ ያናገራት ማን እንደሆነ። በጥፊ ትመታኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ብትመታኝ ይሻል ነበር። ጋውኗን አውልቃ ወንበር ላይ ጣለችና «ተነሺ» አለች። በቃ።

በክሊኒኩ መኪና ሄድን። ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ነው የተናገረችው፣ ያውም ለሾፌሩ። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ሰውነት እንደ እንጨት ይደርቃል፣ መዋጥም ማሳልም ያቅታል አለችው። ሾፌሩ ነዳጁን ረገጠው።

እማን የቆርቆሮ መጠለያ ውስጥ ምንጣፍ ላይ አገኘናት። ነጠላዋ እርጥብ ነው። አፏ ክፍት ነው፣ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። ፊቷ አልተንቀሳቀሰም። ዓይኗ ብቻ ዞሮ አየኝ።

ሲስተር ጆሮዋን ደረቷ ላይ አድርጋ ትንሽ ሰማች። የሳንባ ምች ነው አለች። እንሸከማት አለች።

እቴቴ የእማን እግር በሁለት እጃቸው ይዘው ያሻሹ ነበር። ይሞቃት ብለው። እያሻሹ ነው የነገሩን።

ካህኑ መድኃኒት ተይ አላሉም። እንዲያውም የሚወስድ ይውሰድ ብለው ነበር። ኪኒኑን ቦርሳቸው ውስጥ የደበቁት እቴቴ ናቸው። ሁለቱ አንድ ላይ አይሄዱም፣ ውሃው ብቻውን ይሥራ ብለው።

ግን የከፋው እሱ አይደለም።

በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ተራዋ ደርሶ ውሃው ሥር ስትቆም፣ እማ አፏን ከፍታ «አ......» ትል ነበር። በአንድ ትንፋሽ። እስከቻለች።

ለሲስተር ቃል ገብታላታለች። ስልኩ ባይኖርም ሰዓቷን አልዘለለችም። አንዷንም ቀን።

እዚያ ግን ውሃ ሥር ሆኖ እንደዛ መጮህ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው። መንፈሱ ጮኸ ተባለ። ሊለቃት ነው ተባለ። ወረፋ የያዘው ሰው በሙሉ እልል አለላት፣ የማያውቋት ሴቶች አለቀሱላት። ጨምሩላት ተባለ። ሌላው ሰው አምስት ደቂቃ ሲቆም እማ ግማሽ ሰዓት ቆመች። በማግስቱ ከዚያ በላይ። በሦስተኛው ቀን መቆም ሲያቅታት በሁለት በኩል ደግፈው ያዟት። በደግነት ነው እኮ። ሁሉም በደግነት ነው።

ልታስረዳቸው ትሞክር ነበር። የሚወጣላት ግን ያ «አ» ብቻ ነው። ያንን ስትል ደግሞ ይጨምሩላታል።

«እኔ ልትድን ነው ብዬ እኮ ነው» አሉ እቴቴ። «ድምጿ ሲወጣ... ያ የድሮ ድምጿ ተመለሰ ብዬ... ደስ አለኝ ልጄ። ደስ ብሎኝ ነበር።»

  እሳቸው የሰሙት ምን እንደሆነ አላወቁም። እኔ ይበርደኛል ስትል ሰምቻለሁ።

ሆስፒታል አንድ ሌሊት አደረች። አጠገቧ ሆኜ ነገርኳት። ለሲስተር ነግሬያታለሁ እማ፣ ያውና ሲስተር፣ እያት አልኳት። ሰማችኝ አልሰማችኝ አላውቅም። እሁድ ከሰዓት ሞተች።

ይምጡና ልይዎት ባለችበት ሰኞ ሲስተር ምህረት ቀብር ላይ ነበረች።

በሳልስቱ ስልኩን ልትወስድ ቤት መጣች። ለቅሶ የመጣው ሰው ገና አልተበተነም። ወደ ጓዳ ጠርታኝ በሩን ገርበብ አደረገችው። ስድስቱንም ቅጂ ደጋግማ ሰምታለች። ዓይኗ አብጧል።

«ያንቺ ድምፅ የትኛው ላይ ነው?» አለችኝ።

«ሁሉም ላይ።»

«የለሽበትም።»

ሰኞውስ አልኳት። ሰኞውም አለች። ሰኞ የቀዳሁት፣ አሥራ ሁለት ላይ ያቆምኩት፣ ዱሬቲን ያሳቅኩበት... እሱም የእማ ነው። ኮምፒውተሩ ስድስቱንም ከድሮዎቹ ጋር አስተያይቶ የአንድ ሰው ነው ብሏል። የሚመስል ድምፅ አይደለም፣ ራሱ ነው ብሏል። ሲስተር እንዲህ ያለ ነገር የምታምን ሰው አይደለችም። የሆነ ቦታ ስህተት አለ፣ ያንቺን ለብቻ ልቅዳና ላስተያየው አለች። ስልኩን ከፍታ አፌ አጠገብ ያዘችው።

«በይ።»

«አ......» አልኩ።

ሳሎን ያሉት ሴቶች ዝም አሉ። አንዷ ምን ሆነች ልጅቷ ስትል ሰማሁ። ያን ያህል ነው የጮህኩት።

መስመሩ አልተነሳም።

ዜሮ ሰከንድ።

ሲስተር ስልኩን ወደ ራሷ አዙራ «አንድ ሁለት» አለች። መስመሩ ተነሳ። ወደ እኔ መለሰችው። ተኛ። የራሷን ስልክ አወጣች። ዱሬቲን ጠራን፣ የእሷንም ሞከርን። የሁሉም ሰው ድምፅ ይገባል። የኔ አይገባም።

 ሲስተር ምህረት ቀስ ብላ ጫማዋን አደረገች። ስልኩን አልወሰደችም። እስካሁንም ልትወስደው አልመጣችም።

ይኸው ከወር በላይ ሆነው። ፊት ለፊት ሰው ሁሉ ይሰማኛል። መደብ ላይ ስጣራ እንደ እናቷ ይሉኛል። ስልክ ስደውል ግን «ሄሎ? ሄሎ?» ብለው ይዘጉብኛል። በቴሌግራም ድምፅ ስልክ ባዶ ነው ይሉኛል። የዚህ ቻናል ባለቤት ታሪኩን በድምፅ ላኪው ብሎኝ ሁለት ጊዜ ልኬለት ነበር። እየቀለድሽብኝ ነው ወይ፣ ምንም የለበትም እኮ አለኝ። ስለዚህ ጻፍኩት።

ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ስልኩን ከፈትኩ።

ይቅርታ ልጠይቃት ነበር የፈለግሁት። በዚህ በኩል ከሰማችኝ ብዬ። ብዙ አወራሁ። ስለ አርቡ፣ ስለ ባልዲዎቹ፣ ስለ ሁሉም። ለሲስተር ያልኳትን ቃል በቃል ነገርኳት። አለቀስኩም።

መስመሩ እንደተኛ ቀረ።

የምለው አለቀብኝ። አፌን በእጄ ያዝኩ። ትንፋሼንም ያዝኩ።

ያኔ ተነሳ።

ቀስ ብሎ... አረንጓዴው መስመር ተነሳ። አንዴም ሳይንቀጠቀጥ።

አንድ... ሁለት... ሦስት...

ቤት ውስጥ ከእኔ በስተቀር ማንም የለም። ምንም የሚሰማ ነገር የለም። ቁጥሩ ግን ይሄዳል። ሃያ አለፈ። ስልሳ አለፈ። ሰው በአንድ ትንፋሽ የማይደርስበት ደርሶ አለፈ።

ይሄን ስጽፍላችሁ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ስልኩ አጠገቤ ነው፣ አልጋው ላይ።

አሁንም እየቆጠረ ነው።